በቆይ ባይ ስም

የሚያውቁት ሰዎች ስለ ሥራው ሲጠየቁ «ኮምፒውተር ላይ ነው» ይሉና ወሬ ይቀይራሉ። ሌላ ጥያቄ እንዳይከተል ነው። ሚስቱ እንኳ ይህን ያህል ዘመን አብራው ኖራ፣ እህቷ «ለመሆኑ ባልሽ ምንድን ነው የሚሠራው?» ስትላት «ግማሹን ለደመወዝ፣ ግማሹን ለጽድቅ» ብላ ትገላገላለች። ቀልድ ናት እንጂ ውሸት የለባትም። ሰውየው በአንድ የጭነት ማመላለሻ ድርጅት ውስጥ የሶፍትዌር ሠራተኛ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ የአየር ማቀዝቀዣው ውሃ ከሚንጠባጠብበት ግድግዳ ሥር ይቀመጣል፤ የትኛው መኪና ምን ጭኖ የት እንደደረሰ የሚያሳየውን ፕሮግራም ይጠግናል። ከዚያ ሲወጣ ደግሞ ማንም ያላዘዘውን፣ ማንም የማይከፍልበትን ሌላ ፕሮግራም ይጠግናል። ስለ ደመወዙ ሥራ የሚነገር ብዙ የለም። የምናወራው ስለ ጽድቁ ነው።

«ችኩሉ» የሚለውን ስም ያወጣለት ጓደኛው ነው። ስሙ ላይ ግፍ የለም። ደረጃ ሲወርድ ሁለት ሁለቱን ይዘላል፤ ትኩስ ነገር ሲጠጣ ምላሱን ሳያቃጥል አይቀርም፤ ሰው የጀመረውን ሳይጨርስ «ገባኝ፣ ገባኝ» ይላል፤ የሚገርመው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይገባዋል። እጁ ፈጣን ነው። ሌላውን ሳምንት የሚፈጅበትን እሱ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይጨርሰዋል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለውን ተረት ከእናቱ ጀምሮ ያልነገረው ስለሌለ ጆሮው ለምዶታል።

ጓደኛው የዚህ ተቃራኒ ነበር። ረጅም፣ ዝግ ያለ፣ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ሳይወለውል አፉን የማይከፍት ሰው። ምንም ነገር ብታሳየው መጀመሪያ ከአፉ የሚወጣው «ቆይ» ነው። ችኩሉም ብድሩን መለሰና «ቆይ ባይ» አለው። ሰውየው ስሙን ከመውደዱ የተነሳ ኢንተርኔት ላይም መጠሪያው አደረገው፤ ብዙ የውጭ ሰዎች ከዚህ ሌላ ስም እንዳለው አያውቁም።

የተዋወቁት ገና ጢም ሳያወጡ በአንድ የውሃ መሥሪያ ቤት ነው። የደንበኞችን ካርድ እያዩ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገቡ ጸሐፊዎች ነበሩ። መሥሪያ ቤቱ አንድ ቀን አሮጌውን ሥርዓት በአዲስ ልቀይር አለና ዳታው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዛወር ግማሹ መንገድ ላይ ቀረ። ማን ወሰደው፣ የት ገባ፣ የሚያውቅ አልተገኘም። ኃላፊው ቢሮውን ዘግቶ ተቀመጠ፤ ሁለቱ ልጆች ግን የጠፋውን ሁሉ ከወረቀት ላይ እንደገና ሲለቅሙ ከረሙ። ከዚያ ወራት የተረፋቸው ነገር ቢኖር የዓይን መድከምና ቂም ነው። ቂም ደግሞ ሰውን አንዳንዴ ለደግ ነገር ያነሳሳዋል፤ ፕሮግራም መሥራት ተምረው፣ ያ ነገር ማንም ላይ እንዳይደርስ ብለው አንድ መሣሪያ ሠሩ። ስሙን «አሻጋሪ» አሉት።

አሻጋሪ ሥራው ቀላል ነው። ከአሮጌው ኮምፒውተር መዝገቡን ያነሳል፣ አዲሱ ላይ ያስቀምጣል፣ በትክክል መድረሱን ያያል፣ ከዚያ አሮጌውን ያጠፋል። ኮዱን ኢንተርኔት ላይ ክፍት አድርገው አወጡት፤ የፈለገ ይውሰደው፣ የፈለገ ገልጦ ይየው፣ ጥፋት ያገኘ ያርመው አሉ። ክፍያ የለውም። ክሊኒኮች ወሰዱት፤ ትምህርት ቤቶች ወሰዱት፤ ትልልቅ ድርጅቶች ደግሞ ሳያስፈቅዱም ሳያመሰግኑም ከራሳቸው ፕሮግራም ሆድ ውስጥ ከተቱት። ምስጋና ከሺህ አንድ ቢመጣ ነው። ስሞታ ግን ሞልቷል፤ በነጻ የወሰደ ሰው እንደሚሳደበው ከፍሎ የገዛ አይሳደብም።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቆይ ባይ ለሥራ ክፍለ አገር ወርዶ ሳለ፣ ችኩሉ አንድ ማሻሻያ ለብቻው ሠርቶ ለብቻው አወጣው። በማግሥቱ የአሻጋሪ ተጠቃሚ ሁሉ ጮኸ፤ መሣሪያው ገና ሲነሳ ይወድቅ ነበር። ቆይ ባይ ተመልሶ መጣ። አልተቆጣም። ቁጭ ብሎ መነጽሩን ወለወለና አንድ ደንብ ጻፈ፤ ሌላ ሰው ያላየው አይወጣም፤ የሠራው ሰው ራሱ እንዳየ አይቆጠርም። መጻፍ ብቻ አይደለም፣ ኮዱ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ ላይ ቁልፍ አደረገበት። አንዱ የሠራውን ሌላኛው ገብቶ «አጽድቅ» የምትለዋን ካልተጫነ በስተቀር ምንም ነገር አይወጣም። ቁልፉን ማንሳትም ቢሆን የሁለቱን ይሁንታ ይፈልጋል።

ችኩሉ ሳቀበት። «ባለቤቶቹ እኛ፤ ቁልፉ ከማን ነው ታዲያ? ከራሳችን?»

«በተለይ ከራሳችን» አለው ቆይ ባይ።

እንዲህ ሆነው ብዙ ዓመት ሠሩ። አንዱ ይሠራል፣ አንዱ «ቆይ» ይላል። «ቆይ፣ ይህ መስመር ባይኖር ምን ይሆናል?» «ቆይ፣ ሰውየው ባዶ ፋይል ቢሰጠውስ?» ችኩሉ ይናደዳል፤ «አንተ ለራስህ ሠርግም ቆይ ትላለህ» ይለዋል፤ ቆይ ባይ ደግሞ በእርግጥ ሳያገባ ስለኖረ ቀልዱን ያለ ቅሬታ ይቀበለዋል። አንድ ሦስተኛ ሰው እንጨምር፣ ከሁለት አንዳችን ብንታመም ሥራው ይቆማል ይባባሉ ነበር። ነገ ዛሬ ሲሉ ቀረ።

ቆይ ባይ ታመመ፤ ሳይሰነብት ሞተ። ሆድ ቁርጠት ነው ብሎ ቤቱ ተኝቶ ቆየ፤ ሐኪም ቤት ሲደርስ አንጀቱ ተበላሽቷል ተባለ። ችኩሉ ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ነበር። ቀብሩ ላይ አላለቀሰም። ወንበር ሲያነሳ፣ ሰው ሲሸኝ፣ የቆይ ባይን እናት ክንዳቸውን ይዞ ሲያስቀምጥ፣ እንደ ልማዱ ሲጣደፍ ዋለ። ሚስቱ ዓይን ዓይኑን እያየች «ትንሽ ተቀመጥ እስቲ» ብትለው «እሺ፣ እሺ» ብሎ ሄደ።

ኢንተርኔት ላይ ላሉት ሰዎች ግን ለማንም አልተናገረም። ሊጽፈው ይቀመጣል፤ ጣቱ አይሄድለትም። እዚያ ሰፈር ቆይ ባይ ገና አልሞተም። ሰዎች ጥያቄ ይጽፉለታል፤ «ቆይ ባይ ይህን አይቶት ይሆን?» ይላሉ። ስሙ እንደነበረው አለ። መርዶውን ካልነገረ በዚያ በኩል ጓደኛው በሕይወት እንደሚቆይ ሆኖ ተሰማው። የሞኝ ሐሳብ መሆኑን አላጣውም፤ ግን ሐዘን ያለበትን ሰው በአስተሳሰቡ የሚወቅስ ራሱ አዝኖ አያውቅም።

ነገሩ በዚህ ላይ እንዳለ ነው «ጭቅጭቅ» የጻፈችው። ጭቅጭቅ የሚሏት ሁለቱ እርስ በርስ ሲያወሩ ነው፤ በአካል አያውቋትም። በአንድ የእናቶችና ሕፃናት ክሊኒክ የኮምፒውተር ሠራተኛ ናት፤ ለዓመታት ስታማርር የኖረች፣ የስሕተት መልእክቱ ግልጽ አይደለም፣ መመሪያው አልተሟላም የምትል። በዚህ ጊዜ የጻፈችው ግን ምሬት አልነበረም። የሕፃናቱን የክትባት መዝገብ በአሻጋሪ ስታዛውር የኢንተርኔት መስመሩ መሃል ላይ ተቋረጠ። መስመሩ ሲመለስ እንደገና አስነሳችው። «ተጠናቋል» አላት። በኋላ ስታየው አንዳንዱ ሕፃን በአዲሱም የለም፣ በአሮጌውም የለም። ወረቀቱ ስለነበራት ከወረቀት እየለቀመች ነው። «ወረቀት የሌለው ሰው ምን ይሆናል?» ብላ ጠየቀች።

ችኩሉ ይህን ሲያነብ የውሃ መሥሪያ ቤቱ ወንበር ላይ ተመልሶ የተቀመጠ መሰለው። ያ ነገር ማንም ላይ እንዳይደርስ ብለው የሠሩት መሣሪያ ራሱ ያን ነገር እያደረሰ ነው። ጥፋቱን ፈልጎ ለማግኘት ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። መስመር ሲቋረጥ አሻጋሪ የጀመረውን ሁሉ እንደጨረሰ ይቆጥር ነበር፤ ስለዚህ አዲሱ ቤት ያልገባውን ከአሮጌው ቤት ያጠፋዋል። መፍትሔውም ታየው፤ ከማጥፋቱ በፊት በሁለቱም ወገን ያለውን መዝገብ ይቁጠር፣ ቁጥሩ እኩል ሲሆን ብቻ ያጥፋ። ጻፈው፣ ሞከረው፣ ደግሞ ሞከረው። ደህና ነው። ድረ ገጹ ላይ ሲያስቀምጠው ከሥሩ እንደወትሮው አንድ መስመር ወጣች፤ «የቆይ ባይ ማጽደቂያ ይጠበቃል»።

ያቺን መስመር እያየ ብዙ ቆየ።

ማስጠንቀቂያ በትልቁ ጽፎ ፊት ለፊት ለጠፈ። ግን ማስጠንቀቂያ ማን ያነባል? አሻጋሪ በሌሎች ፕሮግራሞች ሆድ ውስጥ ነው ያለው፤ አብዛኛው ሰው እንደሚጠቀምበት እንኳ አያውቅም። ለድረ ገጹ ድርጅት ጻፈ። በትሕትና መለሱለት፤ ሁለተኛው ባለቤት በሞት ከተለዩ የሞት ማስረጃ ይላኩልን፣ የሟቹን ስም እንዘጋለን፣ ቁልፉንም እናነሳለን አሉት። ማስረጃው ያለው እናትየው ዘንድ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሄደ። የቆይ ባይ እናት ጡረታ የወጡ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናቸው፤ ከአንድ አፓርትማ ምድር ቤት፣ መስኮቱ ወደ ብስክሌት ማቆሚያው በሚያይ ቤት ይኖራሉ። ልጃቸውም እስኪሞት አብሯቸው ነበር። ገብቶ ሲቀመጥ የልጁ ክፍል በር ክፍት ነው፤ አልጋው ተነጥፏል፤ ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፑ በርቶ ተቀምጧል።

«አላጠፋሁትም» አሉት ዓይኑን ተከትለው። «ከስሙ አጠገብ አረንጓዴ ነጥብ አለች፤ አየሃት? ማሽኑ ሲበራ ትበራለች። አለ ማለት ነው አሉኝ፣ የጎረቤት ልጆች።»

የመጣበትን በግድ ነገራቸው፤ ስለ ክሊኒኩ፣ ስለ ሕፃናቱ መዝገብ፣ ስለ ደንቡ። ማስረጃ ሲላቸው ግንባራቸው ተቋጠረ።

«ስሙን ይዘጉታል?»

«ይዘጉታል እማማ። የሥራው ታሪክ ይቀመጣል፤ ግን ሞቷል ብለው ይዘጉታል።»

ተነሥተው ወደ ክፍሉ ገቡ። ተከተላቸው። ጠረጴዛው ጋ ቁጭ ብለው መነጽራቸውን አደረጉ። «የይለፍ ቃሉን አውቀዋለሁ፤ ዜና አይበት ስለነበር ሰጥቶኛል። የቱ ጋ ነው የሚጫነው? አሳየኝ።»

እንግዲህ እውነቱን መናገር ይሻላል። ችኩሉ አውቶብስ ውስጥ ሳለ ይህችን ነገር አስቧታል። ሥራውን ደጋግሞ አይቶታል፣ እርግጠኛ ነው፤ የቀረችው አንዲት መጫን ናት። ሕፃናቱ እየጠፉ ነው። ይህን የሚቃወም ሰው ቢኖር ሥርዓት ያሳበደው ነው። ገጹ ተከፍቶ ሥራው ፊቱ ላይ ነው፤ ከሥሩ «አጽድቅ» የምትለዋ አረንጓዴ ሆና ተቀምጣለች። እናትየው እጃቸውን አይጡ ላይ አድርገው እሱን ያያሉ።

«እማማ፣ ይተዉት» አለ።

«ምን ሆነሃል? አንተው አይደለህ ደህና ነው ያልከው?»

«ደህና ነው። ግን የሱ ስም ሲወጣ ሰዎቹ እሱ አይቶታል ብለው ነው የሚያምኑት። እሱ ግን አላየውም።»

«አንተ አይተኸው የለ!»

«የሠራሁት እኔ ነኝ። የኔ ማየት አይቆጠርም፤ ደንቡ የሱ ነው።»

እናትየው ከወንበሩ ተነሡ። ድምፃቸው ተለወጠ። «ነገሩ ገብቶኛል። ለሕፃናቱ ብለህ ሳይሆን፣ ልጄ ሞቷል ብለህ ለዓለም ልትለጥፍ ነው የመጣኸው። አንዲት ነገር ቢኖረኝ ይቺ ነጥብ ናት፤ እሷንም ልትወስድ ነው። አብሮህ ያደገ ጓደኛህ አይደለም? ውጣልኝ፣ አንተ ልጅ። ውጣልኝ።»

ወጣ። ብስክሌት ማቆሚያው ጋ ቆሞ ወዴት እንደሚሄድ አጣው።

ሚስቱ ነገሩን ስትሰማ ምጣድ እያጠበች ነበር። አልፈረደችም። «አንተ ትክክል ነህ» አለችው፤ «እሳቸውም ትክክል ናቸው። እኔ ብሆን አስጭናቸው ነበር፤ ስለዚህ እኔን አትጠይቀኝ።» ከዚያ እጇን አድርቃ ጀርባውን ዳበስ አደረገችው። ራሱን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ።

ቀናት አለፉ። አንድ ትምህርት ቤት የተማሪዎች ውጤት እንደጠፋበት ጻፈ። እነዚህ ወረቀት የላቸውም። ችኩሉ የጭነት ድርጅቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ይህን ሲያነብ የሚጠራውን አልሰማም፤ አለቃው ትከሻውን ነክቶ «አሞሃል እንዴ?» ብሎ እስኪጠይቀው ድረስ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጭቅጭቅ ጻፈች። በዚህ ጊዜ ጣቷን አልቆጠበችም። «ማስተካከያው ተሠርቶ ተቀምጧል» አለች፤ «የሚጠበቀው የአንድ ሰው ማጽደቅ ነው። ይህ ቆይ ባይ የሚባለው ሰው ከስሙ አጠገብ አረንጓዴ በርቶ ይታያል፤ ማለትም ቁጭ ብሎ ያየናል። ሰው መዝገቡን እያጣ እሱ አንዲት ነገር መጫን ሰነፈ? እንዲህ ያለ ኃላፊነት የማይሰማው ሰው ሥራውን ለሌላ ቢለቅ ይሻላል።» ሌሎችም ከሥሩ ልክ ነሽ እያሉ ጨመሩበት።

በማግሥቱ ስልኩ ጮኸ። እናትየው ናቸው።

«ያ ገጽ እንደተከፈተ ነው፤ አንብበኸዋል?» አሉት። ሰላምታ አላቀደሙም።

«አንብቤዋለሁ እማማ።»

«ልጄን ሰነፍ አሉት።» ድምፃቸው ከፍ አለ። «ሰነፍ! የኔ ልጅ! ኃላፊነት የማይሰማው አሉት። ያቺ ነጥብ ናት ያሰደበችው፤ እኔ ነኝ ያሰደብኩት። ና ወረቀቱን ውሰድ። ሄደህ ንገራቸው፤ ሞቶ ነው በላቸው። ቢኖር ኖሮ መልስ ይሰጥ ነበር በላቸው።»

ሲሄድ በር ላይ ጠበቁት። አላስገቡትም፤ አልተቆጡትምም። ወረቀቱን በንጹሕ ፌስታል ጠቅልለውታል።

ያን ዕለት መርዶውን ጻፈ። ረጅም አልነበረም። ቆይ ባይ ሞቷል፤ ሳልነግራችሁ የቆየሁት እኔ ነኝ፤ ዝም ያለው ሰንፎ አይደለም፤ አሻጋሪ ውስጥ ደህና የሆነ ነገር ሁሉ እሱ አይቶት ያለፈ ነው ብሎ ላከው። መልስ ከየአቅጣጫው ጎረፈ። አንድ ጊዜ በትዕግሥት እንዴት እንዳስረዳው የሚያወራ አለ፤ የመጀመሪያ ኮዱን እሱ አርሞለት ሥራ እንዳገኘ የሚናገር አለ። ጭቅጭቅ ወዲያው አልመለሰችም። ስትመልስም ለሁሉም በሚታየው ቦታ አልነበረም፤ ለሱ ብቻ ነው የጻፈችው። «ከተናገርኩት በኋላ ምን ብዬ ይቅርታ እንደምጠይቅ አላውቅም» አለች። «የሱን ቦታ የሚተካ የለም። ግን ያንን ሥራ የሚያይ ሁለተኛ ሰው ከፈለጉ እኔ አለሁ። የጠፉት ሕፃናት የኔ ናቸው፤ ቸልም አልልም።»

ችኩሉ ይህን ሲያነብ ቅር አለው። ከሰው ሁሉ እሷ? ግን የኮዱን አንጀት ከሁለቱ ቀጥሎ የምታውቅ እሷ ናት፤ ሰው ስለሚያውቀው ነገር ነው አብዝቶ የሚጨቃጨቀው። የሞት ማስረጃው ሲደርሰው የድረ ገጹ ድርጅት ቁልፉን አነሳ። ችኩሉ ብቻውን ቀረ፤ እንደልቡ ማውጣት ይችል ነበር። አላወጣም። ቁልፉን መልሶ ቆለፈና በሁለተኛው ቦታ ላይ የሷን ስም አስገባ። ለወጉ ያህል ነው ብሎ አስቧል፤ ሥራው ደህና መሆኑን አልተጠራጠረም።

በማግሥቱ የምሳ ሰዓት ላይ መልሷ መጣ። አላጸደቀችውም። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራት። «በሁለቱም ወገን ያለውን ቆጥሮ እኩል ሲሆን ያጠፋል ብለዋል። ጥሩ። መስመሩ ልክ በሚቆጥርበት ጊዜ ቢቋረጥስ? ሁለቱም ወገን መልስ አይሰጡም። መልስ ያጣ ኮድ ስንት ብሎ ነው የሚቆጥረው?»

ችኩሉ ማንኪያውን አስቀመጠ። ኮዱን ማየት አላስፈለገውም። ዜሮ ብሎ ነው የሚቆጥረው። በአሮጌው ዜሮ፣ በአዲሱ ዜሮ። ዜሮና ዜሮ እኩል ነው። እኩል ከሆነ ያጠፋል፤ መስመሩ እንደተመለሰ የማጥፋት ትዕዛዙ ይሄዳል፤ ሁሉንም ያጠፋል። የበፊቱ ጥፋት ጥቂት ሰዎችን ነበር የሚጥለው። ይህኛው አንድም አያስቀርም። እሱ ግን መስመሩ መሃል ላይ የሚቋረጠውን ብቻ ነበር ደጋግሞ የሞከረው፤ ሲቆጥር የሚቋረጠውን አልሞከረም። ቸኩሏል፤ ይኸው ነው።

ምሳውን ትቶ መጸዳጃ ቤት ገባና ፊቱን ታጠበ። መስታወቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ አላስደሰተውም።

አስተካከለው፤ መልስ ከታጣ ምንም አይጥፋ አለ። ጭቅጭቅ እንደገና አየችው፤ ሌላ ሁለት ነገር አነሳች፤ እነሱንም አስተካከለ። ከዚያ አጸደቀችውና ወጣ። ስሞታው ቆመ። ማንም አላመሰገነም፤ ያ ደግሞ በዚህ ሥራ ደህና ምልክት ነው።

የቆይ ባይ እናት ጋ ሲሄድ ሚስቱ በር ላይ ይዛው «እሳቸውን ደግሞ በዝርዝር አታድክማቸው፤ አለቀ በላቸው፣ በቃ» አለችው። እሱም እንደዚያ አስቦ ነበር። እናትየው በዚህ ጊዜ አስገቡት፤ ወንበር ስበው ከፊቱ ተቀመጡ።

«አለቀ?»

«አለቀ እማማ። ወጥቷል።»

«ተመስገን።» ከዚያም፣ «እስቲ ልጠይቅህ፤ በቂም አይደለም። ያን ቀን ብጫነው ኖሮ ያው ነበር አይደል? ከዚያ ወዲህ የጠፋው አይጠፋም ነበር። በከንቱ ነው የተጣላነው።»

አዎ ቢል ይችል ነበር። አፉ ላይ ደርሷል። ግን ያን ቀን የከለከላቸው አንዲት ውሸት እንዳትወጣ ብሎ አይደለም?

«ያው አይደለም» አለ። ነገራቸው፤ ስለ ሁለቱ ዜሮዎች፣ ሁሉም እንደሚጠፋ፣ ሥራው ላይ ያለው ስሕተት የራሱ እንደሆነ። እናትየው እስኪጨርስ አላቋረጡትም።

«በልጄ ስም ይወጣ ነበር?»

«በሱ ስም።»

«በኔ እጅ?»

እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው አዩት።

«እሱ ቢኖር ያገኘው ነበር?»

«ወዲያው ነዋ።»

«እንዲህ ያለውን ከዚህ በፊት ይዞልህ ያውቃል?»

ችኩሉ ወለሉን አየ። «ስንቱን» አለ። «ቁጥር የለውም እማማ። እኔ የምሠራው ሁሉ እንዲህ ነበር። ሰው ግን የሚያየው ካለፈ በኋላ ነው።»

እናትየው ግር ብሏቸው አዩት። «ለኔ እኮ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም» አሉ ቀስ ብለው። «ምንድን ነው የምትሠሩት ስለው ሁልጊዜ መልሱ አንድ ነው። ‹የሚሠራው እሱ ነው እማዬ፤ ጎበዝ ነው፤ እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አያለሁ› ነበር የሚለኝ። እኔም ይቅር በለኝና፣ ልጄ በሰው ላብ ስሙን ሊያስጠራ ነው እያልኩ ሳፍርበት ነው የኖርኩት። ሲሞትም ከነሐፍረቴ ነው የቀበርኩት።»

ችኩሉ ሊመልስ አፉን ከፈተ። ቀብሩ ላይ ያልመጣው እንባ መጣ፤ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ፤ እናትየውም አላባበሉትም፣ እጃቸውን ራሱ ላይ አድርገው ጠበቁት።

ሲያባራለት መሐረባቸውን አቀበሉት።

«እንግዲያው ንገረኝ» አሉት። «የያዘልህን ሁሉ ንገረኝ። ጊዜ አለኝ።»

ዓይኑን ጠረገና በጣም ከሚያፍርበት ጀመረላቸው።